በበጎ አድራጎት ኮንሰርት ላይ የሐዋሳ ሙዚቀኞች ድርሻ እንዴት ይመዝገብ?

ቤዝ ከታቦር፦

ሰላም ለተከበራችሁ የመድረኩ ተሳታፊዎች።

ለኩላሊት ሕሙማን የእጥበት ወጪ መደጎሚያ የሚሆን የሙዚቃ ምሽት ከፋሲካ በኋላ በከተማችን ለማካሄድ ዝግጅት እንደተጀመረ ብዙዎቻችሁ ሳትሰሙ አልቀራችሁም። ከተጋበዙት የሐዋሳ ባንዶች አንዱ እኔ ቤዝ ጊታር የምጫወትበት ነው። እንደምንጫወት ተስማምተናል፤ በዚህ ላይ በመካከላችን አንዳች ልዩነት የለም። ለውይይት የማቀርበው በወጪ ዕቅዱ ላይ ያየሁትን ነው። ዕቅዱ የአዳራሹን ኪራይ፣ የሳውንድ ሲስተሙን፣ የመብራቱን፣ የጄኔሬተሩን ናፍጣ፣ የባነሩንና የትኬቱን ኅትመት፣ እንዲሁም ከአዲስ አበባ የሚመጣውን ድምፃዊ የክፍያ፣ የሆቴልና የመጓጓዣ ወጪ እያንዳንዱን በብር ዘርዝሮ ያስቀምጣል። «የአካባቢ ሙዚቀኞች» በሚለው ረድፍ ትይዩ ግን ያለችው አንዲት ሰረዝ ናት።

ሰረዟ ምን እንደሸፈነች ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። አብዛኛው የሐዋሳ ሙዚቀኛ በሆቴልና በምሽት ክበብ በአዳር ሒሳብ የሚሠራ ሲሆን፣ ያልገባበት ሌሊት ክፍያ የማያገኝበት ሌሊት ነው። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት የኦርቶዶክስ ሠርግ የለም፤ ብዙ ቤቶችም ባንዳቸውን ያሳርፋሉ፣ ወይም የተጫዋቹን ቁጥር ይቀንሳሉ። ስለዚህ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ የሚመጡት ቅዳሜና እሑዶች በጾሙ ወራት የተበደርነውን የምንከፍልባቸው ናቸው። ይህ ዝግጅት የተያዘው ከእነዚያ ቅዳሜዎች በአንዱ ነው። ድራመራችን በዕለቱ የተያዘለትን ሠርግ ለሌላ ልጅ አሳልፎ ሰጥቷል፤ ኪቦርድ ተጫዋቻችን ደግሞ በሚሠራበት ሆቴል በእርሱ ፋንታ ለሚገባው ሰው ከገዛ ኪሱ ይከፍላል። በዚህ ላይ የልምምድ ቤት ኪራይ፣ የክር መግዣ፣ ሌሊት ዕቃ ጭኖ የሚመልሰን ባጃጅ አለ።

ክፍያ ይሰጠን እያልሁ አይደለም። የማቀርበው ሐሳብ እያንዳንዱ ሙዚቀኛ ለዚያ ምሽት በተለመደው ዋጋ ሊከፈለው ይገባ የነበረው ገንዘብ በወጪ በኩል ይመዝገብ፣ ያው መጠን ደግሞ «ከሐዋሳ ሙዚቀኞች የተሰጠ» ተብሎ በገቢ በኩል ይግባ የሚል ነው። እንዲህ ከሆነ በመጨረሻው ሪፖርት ላይ ስፖንሰሩ ከሰጠው ጎን የእኛም ይታያል። የእናንተን አስተያየት እጠብቃለሁ።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ፦

ወንድሜ፣ ሐሳብዎን በአክብሮት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን አልተቀበልሁትም። ቅዱስ መጽሐፍ ምጽዋት ስትሰጥ ቀኝህ የምታደርገውን ግራህ አትወቅ ይላል። ትኬት የሚገዛው ሰውም ከልጆቹ ጉሮሮ ቀንሶ ነው፤ ነገር ግን ከቤቱ እስከ አዳራሹ የከፈለው የባጃጅ ሒሳብ በሪፖርት ላይ ይውጣልኝ አይልም። በነፃ የሚያገለግሉት ወጣት በጎ ፈቃደኞችስ ወንበር ሲደረድሩ የዋሉበት ሰዓት ሊተመን ነው? የተሰጠ ነገር ዋጋ ከተለጠፈበት ስጦታነቱ ይቀንሳል የሚል ስጋት አለኝ። ሙዚቀኞቹ ተቸግረው ከሆነ አይመቸንም ማለት መብታቸው ነው፤ ማንም አይፈርድባቸውም።

ቤዝ ከታቦር፦

ስለ አስተያየትዎ አመሰግናለሁ። «ማንም አይፈርድባቸውም» ያሉት ግን በተግባር እንዲያ አይደለም። ባለፉት ዓመታት አንድ የምናውቀው ድምፃዊ ለተመሳሳይ ዝግጅት ተጠርቶ ሥራ ስለነበረበት ሳይገኝ በመቅረቱ ለታመመ ሰው እንኳን የማይራራ ተብሎ በፌስቡክ ስሙ ሲነሣ ከርሟል። አዳራሹን በሙሉ ዋጋ ያከራየው ሆቴል ግን በመድረክ ላይ ተጠርቶ የምስጋና ወረቀት ተቀበለ። እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው። ሁሉም በነፃ ቢያደርገው ኖሮ ዋጋ መለጠፍ የሚባል ጥያቄ ጭራሽ አላነሣም ነበር።

ባለሲስተሙ፦

የሳውንድ ሲስተም ኪራይ ስለተነሣ እኔም የምለው አለኝ። እኛን ከአትራፊ ጎራ አድርጎ ማየት ቀላል ነው። ለአንድ ምሽት ዝግጅት ዕቃው ከመጋዘን የሚወጣው በማለዳ ነው፤ የጭነት መኪና ይከፈላል፤ ስፒከሩን የሚያወርዱና የሚያወጡ ልጆች ይከፈላሉ፤ ሚክሰሩ ላይ የሚቀመጠውና መድረክ ላይ ሞኒተር (ተጫዋቹ ራሱን የሚሰማበትን ስፒከር) የሚያስተካክለው ሁለት የተለያዩ ባለሙያዎች ናቸው። ዕቃው ራሱ የተገዛው በብድር ስለሆነ ባንኩ የወሩን ክፍያ የሚጠይቀኝ ዝግጅቱ ሠርግ ይሁን በጎ አድራጎት ብሎ ለይቶ አይደለም።

ይህም ሆኖ ለእንዲህ ዓይነት ዝግጅት የኔን ትርፍ ትቼ የሠራተኛና የመኪና ብቻ ነው የምቀበለው። የምቀንሰው ገንዘብ ግን እንደ እናንተ ሰረዝ የትም ተጽፎ አያውቅም፤ በዕቅዱ ላይ የሚታየው የተከፈለኝ ብቻ ስለሆነ «ሲስተሙ ይህን ያህል ወሰደ» ተብሎ የሚወራው የኔ ነው። ስለዚህ የወንድማችንን ሐሳብ እደግፋለሁ። የሁላችንም ሙሉ ዋጋ ይጻፍ፤ ከዚያ ውስጥ የተተወው ጎን ለጎን ይጻፍ።

በነገራችን ላይ ዝግጅቱ ወደ ፍቅር ሐይቅ ዳር ይዛወር የሚሉ እንዳሉ ሰምቻለሁ። ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ በየማይኩ እየገባ እንደሚያጉረመርም፣ በዚያ ወቅት ዝናብም እንደማይታመን ከወዲሁ እንድታውቁት ይሁን። ሜዳ ላይ ከሆነ የስፒከሩም ቁጥር ከአዳራሹ በእጅጉ ይበልጣል፤ ከአዳራሽ ኪራይ ተረፈ የሚባለው ገንዘብ በዚያው ይሄዳል።

አስተባባሪዋ፦

ከአስተባባሪ ኮሚቴው አባላት አንዷ ስለሆንሁ አንዳንድ ነገር ባስረዳ መልካም ይመስለኛል። በመጀመሪያ ሰረዟ ንቀት አልነበረችም፤ ዕቅዱ የተዘጋጀው ከእጃችን የሚወጣውን ጥሬ ገንዘብ ለማወቅ ስለነበር ነው። ሆኖም የተባለውን አስተውዬዋለሁ።

ሁለተኛው እንግዳው ድምፃዊ ለምን ይከፈለዋል የሚለው ነው። ስፖንሰር ፍለጋ በምንሄድበት ቢሮ ሁሉ የምንጠየቀው የመጀመሪያ ጥያቄ «ማን ይመጣል?» የሚል ነው። የሐዋሳ ልጆች ይጫወታሉ ስንል ፈገግ ብለው ደብዳቤያችንን ይቀበሉንና መልሱ ሳይመጣ ይቀራል። ይህን የምለው የእናንተን ችሎታ ለማሳነስ አይደለም። የከተማው ሰው እናንተን በየሳምንቱ በሆቴል በአንድ ጠርሙስ ዋጋ ስለሚያያችሁ ለትኬት ብር አውጥቶ ለመምጣት ሌላ ምክንያት ይፈልጋል።

ከሁሉ በላይ ግን ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በእንዲህ ያለ ምሽት ዋናው ገቢ ከበር ትኬት አይደለም። በቡድን የሚሸጠው ጠረጴዛ፣ በመድረክ ላይ የሚካሄደው ጨረታና ቃል የሚገባው ገንዘብ ነው። ችግሩ ቃል የተገባው ሁሉ አይገባም። በሞቀ ጭብጨባ መካከል ማይክ ይዞ ብዙ ሺህ ብር የሚናገር ሰው በማግስቱ ስልኩን አያነሣም፤ የኛም ሥራ ለወራት እርሱን መከታተል ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ጊዜ ቃል የገባ ሁሉ እዚያው በተቀመጠበት በቴሌብር ወይም በባንክ እንዲያስተላልፍ፣ ስሙ የሚጠራውም ገንዘቡ መግባቱ ከተረጋገጠ በኋላ እንዲሆን ወስነናል። ቶምቦላ ለማዘጋጀት የነበረውን ሐሳብ ግን ትተነዋል፤ ከሚመለከተው የሎተሪ መሥሪያ ቤት ፈቃድ ማውጣት ስለሚያስፈልግ ቀኑ አይደርስልንም።

ባለክራሩ፦

እህቴ፣ ያሉት ሁሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ገበያው የሚፈጠርበት መንገድም ይታይ። የአካባቢ ሙዚቀኛ ሁልጊዜ የሚወጣው መጀመሪያ ነው። መጀመሪያ ማለት ደግሞ ወንበሩ ገና ግማሽ ያህል ሳይሞላ፣ አስተናጋጆች ውኃ እያደሉ፣ ድምፁ ሳይስተካከል ማለት ነው። የሳውንድ ቼክ ሰዓት የሚሰጠው ለእንግዳው ባንድ ስለሆነ የኛ ፍተሻ ሕዝብ ፊት በመጀመሪያው ዘፈን ላይ ይደረጋል። ክራር ደግሞ ለዚህ አይመችም። ከትዝታ ወደ ባቲ ቅኝት ለማለፍ ክሮቹን መልሶ መቃኘት ያስፈልጋል፤ ማይኩ ክፍት ሆኖ ክር ሳጠብቅ አዳራሹ ሁሉ ይሰማል፣ መድረክ መሪው ደግሞ «ፍጠን» እያለ በእጁ ያሳየኛል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ያየን ተመልካች የሐዋሳ ሙዚቃ ለትኬት አይበቃም ቢል አይፈረድበትም።

ሌላው የሽልማት ጉዳይ ነው። ሰው ደስ ሲለው ወጥቶ ግንባራችን ላይ ብር ይለጥፋል፤ ይህ ያደግንበት ባህላችን ነው። በበጎ አድራጎት መድረክ ላይ የተለጠፈው ብር የማን ነው? ባለፈው አንድ ዝግጅት ላይ የተወዛዋዦቹን ሽልማት አስተባባሪዎቹ ከመድረክ ጀርባ ሰብስበው ወሰዱ፤ ልጆቹ ለሕሙማኑ መሆኑን ቀድመው ቢነገራቸው በደስታ ይሰጡት ነበር፤ ሳይነገራቸው መሆኑ ግን በልባቸው ቅሬታ ጥሎ አለፈ። የኔ ሐሳብ ከመድረኩ ሥር በግልጽ የሚታይ ሣጥን ተቀምጦ፣ መሸለም የፈለገ ሁሉ እዚያ እንዲከት መድረክ መሪው ገና ሲከፍት እንዲናገር ነው።

ከአዳማ፦

በአዳማ ደግሞ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የፍጥነት መንገዱ ከተከፈተ ወዲህ የአዲስ አበባ ባንድ ከሰዓት በኋላ ተነሥቶ መጥቶ፣ ተጫውቶ በዚያው ሌሊት ይመለሳል። የሆቴል ወጪ ስለሌለበት አዘጋጆች የአዳማን ልጆች ጨርሰው መጥራት ትተዋል፤ በነፃም ቢሆን የሚጠራን የለም። እናንተ 270 ኪሎ ሜትር ገደማ መራቃችሁ ቢያንስ አስፈላጊዎች አድርጓችኋል።

ሒሳብ ሠራተኛ፦

በሙያዬ የሒሳብ ሠራተኛ ስለሆንሁ የመጀመሪያው ሐሳብ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ክፍያውን በወጪ መዝግቦ መልሶ በስጦታ ማስገባት በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል፤ ከግብር አንጻር ግን ሙዚቀኛውን ሊጎዳው ይችላል። ለአገልግሎቱ ክፍያ ተመዘገበ ማለት ገቢ አገኘ ማለት ስለሆነ አዘጋጁ ቅድመ ግብር የመቀነስ፣ ሙዚቀኛውም ገቢውን የማሳወቅ ግዴታ ይመጣበታል። ገንዘቡን መልሶ መስጠቱ ግብሩን ሙሉ በሙሉ አያነሣለትም፤ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ስጦታ የሚቀነስበትን ጣሪያ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ አድርጎታል። በእጁ ላላገባው ብር ግብር የሚከፍል ሰው እንዳይኖር ያስፈልጋል።

ስለዚህ የተሻለው መንገድ በሒሳብ አሠራር በዓይነት ወይም በአገልግሎት የተደረገ አስተዋጽኦ የሚባለው ነው። ክፍያ ተደርጎ እንደተመለሰ አይመዘገብም። ባንዱ በነፃ እንደሚያገለግል በአጭር ደብዳቤ ይፈርማል፤ በደብዳቤው ላይ የተጫዋቾቹ ቁጥር፣ የልምምዱና የዝግጅቱ ሰዓት፣ በገበያ ያለው ግምታዊ ዋጋ ይጠቀሳል፤ አዘጋጁም ይህንኑ በሪፖርቱ ማብራሪያ ላይ ለብቻው ያወጣዋል። ለምሳሌ ብንል 7 ተጫዋቾች ያሉት ባንድ ለእያንዳንዱ 4,000 ብር ቢገመት 28,000 ብር የሚያወጣ አስተዋጽኦ አድርጓል ማለት ነው፤ ይህን ያህል የሰጠ ነጋዴ ቢሆን ኖሮ ስሙ በባነሩ ላይ ይወጣ ነበር። የባለሲስተሙም ቅናሽ በዚሁ መንገድ ይገባል።

ከኪስ የሚወጣው ግን ከዚህ የተለየ ነው። የባጃጅ፣ የክርና ለተተኪ ተጫዋች የተከፈለ ገንዘብ ስጦታ ተብሎ ሊታለፍ አይገባም፤ ከዝግጅቱ ገቢ በደረሰኝ ሊመለስ ይገባል። ደረሰኝ የማይሰጥ ባጃጅ ከሆነም በኮሚቴው የወጪ ማረጋገጫ ይፈረምበት።

ጡረተኛው መምህር፦

ወጣቶቹ ያነሣችሁት የወረቀት ጉዳይ ቀላል እንዳይመስላችሁ። የሕንዱ ሲታር ተጫዋች ራቪ ሻንካር ወዳጁን ጆርጅ ሃሪሰንን ለምኖት ለባንግላዴሽ ስደተኞች በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን በፈረንጆቹ ነሐሴ 1 ቀን 1971 የተካሄደው ኮንሰርት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ ታይቶ 40,000 ያህል ሰው ተገኝቶበታል። ሙዚቀኞቹ ያለ ክፍያ ነው የተጫወቱት። ከበር የተሰበሰበው 243,000 ዶላር ገደማ ብዙ ሳይቆይ ለዩኒሴፍ ደረሰ። ከሸክላውና ከፊልሙ የተገኘው እጅግ የሚበልጠው ገንዘብ ግን አዘጋጆቹ አስቀድመው ጉዳዩን በበጎ አድራጎት ሥርዓት ስላላስመዘገቡት በአሜሪካ የግብር መሥሪያ ቤት ታግዶ ለዓመታት ቆይቷል። በመድረኩ ላይ የነበሩት በዓለም የታወቁ ሰዎች ነበሩ፤ የጎደለው አንድ አስቀድሞ መሞላት የነበረበት ወረቀት ነው።

የኛንም ታሪክ እናስታውስ። በ1977ቱ ድርቅ ስም በፈረንጆቹ ሐምሌ 13 ቀን 1985 ለንደንና ፊላደልፊያ ላይ ታላቅ ኮንሰርት ሲደረግ፣ የአፍሪካ ሙዚቀኞች እዚህ ግባ የሚባል ቦታ አልተሰጣቸውም ተብሎ በጊዜው ተተችቷል። ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ሕዝብ ለሕዝብ» በሚል የኛ ድምፃውያንና ተወዛዋዦች ወደ አውሮፓና አሜሪካ ተጉዘው የረዳንን ሕዝብ በሙዚቃ አመስግነዋል። ለተረጂው ቅርብ የሆነው ሙዚቀኛ በመድረኩ ጠርዝ ላይ መቆሙ ሐዋሳ የጀመረችው ነገር እንዳልሆነ ለማለት ያህል ነው።

አስተባባሪዋ፦

ጋሼ፣ እናመሰግናለን። የሚረዳው ማኅበር በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት የተመዘገበ መሆኑን፣ ገንዘቡም በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ እንጂ በግለሰብ ስም እንደማይሰበሰብ ለማረጋገጥ እወዳለሁ። ከሕዝብ ገንዘብ ለማሰባሰብ የሚያስፈልገውን ፈቃድ በተመለከተ ማመልከቻው ገብቷል።

ዘማሪት ከአቶቴ፦

ሁላችሁም ያላነሣችሁት አንድ ነገር አለ። በዚህ ከተማ እጅግ ብዙ ሰው የወንጌላውያን አማኝ ነው፤ በየቤተ ክርስቲያኑ ያሉት መዘምራን፣ ኪቦርድና ጊታር ተጫዋቾች ብዛታቸው ከምሽት ክበቡ ይበልጣል እንጂ አያንስም። ዝግጅቱ ግን በምሽት፣ በቢራ ስፖንሰር፣ በዘፈን ብቻ ሲሆን እኛ በመድረኩም በአዳራሹም አንኖርም። ሕሙማኑ ደግሞ የሁላችንም ወገኖች ናቸው። ቢራውን በተመለከተ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 የአልኮል ማስታወቂያ በብሮድካስት እንዳይተላለፍ መከልከሉን አትርሱ፤ የቢራ አርማ ከመድረኩ ጀርባ ተሰቅሎ ዝግጅቱን በቴሌቪዥን እናስተላልፋለን ማለት ጣጣ ማምጣት ነው።

ዘፈንና መዝሙር በአንድ መድረክ ይቅረብ አልልም፤ ይህ በሁለቱም ወገን ቅር የሚያሰኛቸው ሰዎች አሉ። አዳራሹና ሲስተሙ ለሙሉ ቀን የሚከራይ ከሆነ ግን ከሰዓት በኋላ የመዝሙር፣ ማታ የዘፈን ዝግጅት ማድረግ ይቻላል። ኪራዩ ያው ነው፤ ገቢው ግን ሁለት ይሆናል። የነፃ አገልግሎቱ ጥያቄ እኛም ዘንድ አለ፤ ለጌታ ነው ከተባለ በኋላ የመጓጓዣ መጠየቅ እንኳን እንደ ነውር ይታያል። ስለዚህ የሒሳብ ባለሙያው ያቀረቡት ደብዳቤ ለኛም ቢዘጋጅ ደስ ይለኛል።

ባለሲስተሙ፦

እህቴ ያሉት ይቻላል። ሲስተሙ አንዴ ከተተከለ ለሁለት ዝግጅት ተጨማሪ የምጠይቀው የባለሙያዎቹን የትርፍ ሰዓትና የናፍጣውን ብቻ ነው።

የታካሚ ወንድም፦

ውይይቱን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሳነብ ቆይቼ መጻፍ ያለብኝ መሰለኝ። ታናሽ እህቴ እጥበት የምታደርግ ናት። ሐኪሞቹ በሳምንት 3 ጊዜ እንድታደርግ ያዝዛሉ፤ እኛ አቅማችን የፈቀደው 2 ጊዜ ነው። ባላደረገችበት ቀን እግሯና ፊቷ ያብጣል፤ የምትጠጣውን ውኃ በብርጭቆ እየለካን ነው የምንሰጣት። የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገራችን በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ ነገር ግን ከቤተሰብ የሚስማማ ለጋሽ ላላገኘ ሰው ያለው መንገድ ይኸው እጥበት ብቻ ነው፤ መጨረሻም የለውም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። አንደኛው በሪፖርቱ ላይ «ይህን ያህል ብር ተሰበሰበ» ከማለት ይልቅ ወጪው ሁሉ ተቀንሶ የቀረው ገንዘብ ስንት ዙር እጥበት እንደሚሸፍንና ለስንት ታካሚ እንደሚበቃ ይጻፍ። በቴሌቪዥን የሚነገረው ትልቅ ቁጥር ሰውን «እነርሱማ በቂ አግኝተዋል» ያሰኘዋል፤ ገንዘቡ ካለቀ በኋላ እንደገና ለመለመን ያሳፍረናል። ሁለተኛው ሙዚቀኞቹን የሚመለከት ነው። እባካችሁ የሚወጣባችሁን ተቀበሉ። በዓመት አንዴ ተጎድታችሁ ከምትጫወቱልን ሳትጎዱ በየሦስት ወሩ በትንሽ አዳራሽ ብትጫወቱልን ለእህቴ የሚሻላት እርሱ ነው። ድጋፉ የአንድ ምሽት ከሆነ የሚሸፍነው የጥቂት ሳምንት እጥበት ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እኛ እናውቀዋለን።

የሐይቅ ዳር ነዋሪ፦

ወንድሜ፣ ለእህትዎ ምሕረቱን ያውርድላት። በየሦስት ወሩ የሚለው ካለ የቀድሞ ተቃውሞዬን በዚያ መጠን አለዝበዋለሁ፤ አንድ ጊዜ የሚሰጥ ሰው ሳይቆጥር ቢሰጥ ያምርበታል፣ ደጋግሞ የሚሰጥ ግን ሳይቆጥር ሊዘልቅ አይችልም። ስም በባነር ላይ ማውጣቱን ግን አሁንም አልወደድሁትም።

ቤዝ ከታቦር፦

የታካሚው ወንድም ከጻፉት በኋላ ብዙ ማለት አይገባኝም፤ ሁለት ጉዳዮችን ግን ሳላነሣ ማለፍ አልችልም።

የመጀመሪያው የቪዲዮው ነው። በእንዲህ ያለ ምሽት ላይ በየማዕዘኑ ካሜራ ይቆማል። ዝግጅቱ ካለፈ በኋላ የኛ ጨዋታ በሰው የዩቲዩብ ቻናል ላይ ተጭኖ ማስታወቂያ ሲሠራበት እናገኘዋለን፤ ገቢውም ለታካሚም ለሙዚቀኛም አይደርስም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከዋኝ (ትርኢቱን የሚያቀርበው ሰው) ትርኢቱ እንዲቀረጽና እንዲሰራጭ የመፍቀድ መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ በምንፈርመው ደብዳቤ ላይ ቪዲዮው በማኅበሩ ቻናል ብቻ እንዲወጣ፣ ከዚያ የሚገኘውም ለእጥበት እንዲውል ይጻፍ። የሌሎች ሰዎችን ዘፈን ስለምንጫወት የዜማና የግጥም ባለቤቶቹን ፈቃድ መጠየቅም የኛ ድርሻ ነው። ከሐዋሳ ልጆች የራሳቸው ሥራ ያላቸው ስላሉ በተቻለ መጠን የራሳችንን እንጫወት የሚል ሐሳብ ለባንዱ አቅርቤያለሁ።

ሁለተኛው እኛን ራሳችንን የሚመለከት ነው። የግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሕግ ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ነው፤ በ2014 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። በአዳር ሒሳብ የሚሠራ ሙዚቀኛ ግን ውል የለውም፤ ውል ስለሌለውም መዋጮ የሚከፍልለት የለም። በዚህ ከተማ ብዙ ዘመን ሳክስፎን ሲነፉ የኖሩ ሰው በታመሙ ጊዜ የተደረገላቸው ነገር ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ የበጎ አድራጎት ኮንሰርት ነው። የተጫወትነውም እኛው ነን፤ በነፃ። ይህን የምለው ለሙያ አጋራችን በመጫወታችን ቅር ብሎኝ አይደለም። ምንጊዜም ተቀባይና ሰጪ የሚሆነው ያው ጥቂት ሰው ከሆነ ውሎ አድሮ ሁለቱም ያልቃሉ።

ባለክራሩ፦

ሳክስፎን ተጫዋቹን ጋሼን መጥቀስህ ደግ አደረግህ። የዚያን ዕለት የመጣው ሕዝብ ብዛት ሳይሆን ከሆቴል ባለቤቶች አንድም ሰው አለመምጣቱ ነው ከአእምሮዬ ያልወጣው።

አስተባባሪዋ፦

ትናንት ማታ ኮሚቴው ተሰብስቦ ነበርና የተወሰነውን ላሳውቃችሁ። የአገልግሎት አስተዋጽኦ ደብዳቤው ለሙዚቀኞች፣ ለመዘምራን፣ ለሲስተሙና ቅናሽ ላደረገ ሁሉ ይዘጋጃል፤ የሒሳብ ባለሙያው ረቂቁን አይተው እንዲያርሙልን ጠይቀናቸው ፈቃደኛ ሆነዋል። ከኪስ የወጣ ገንዘብ በደረሰኝ ወይም በወጪ ማረጋገጫ ይመለሳል። የሽልማት ሣጥኑ ይቀመጣል። ሪፖርቱ በእጥበት ዙር ይሰላል፤ ይህ ያለ አንዳች ክርክር ነው ያለፈው። የመዝሙሩ ዝግጅት ከሰዓት በኋላ ይሆናል፤ የቢራ ስፖንሰሩን ስለመተው ግን አልተስማማንም፤ የሚተካው እስኪገኝ ጉዳዩ በይደር ቆይቷል።

እንግዳውን ድምፃዊ በተመለከተ አስተዳዳሪውን አነጋግረን ክፍያውን በከፊል ለመተው ተስማምቷል፤ ሙሉ በሙሉ አልተወም። የመድረክ ቅደም ተከተሉ ላይም ብዙ ተከራክረናል። የሐዋሳው ባንድ እንግዳውን ያጅብ፣ ከመካከል ላይም የራሱን ጊዜ ያግኝ የሚል ሐሳብ ቀርቧል፤ እንግዳው የራሱን ባንድ ይዞ ከመምጣት ብቻውን ቢመጣ የሆቴልና የመጓጓዣ ወጪው በብዙ ይቀንሳል። ዘፈኖቹን አስቀድሞ ከላከና እናንተ ከተለማመዳችሁ ይቻላል ወይ?

ቤዝ ከታቦር፦

ይቻላል። ዘፈኖቹንና የሚዘፍንበትን ቁልፍ ቢያንስ ሁለት ሳምንት አስቀድሞ ይላክልን፤ በዕለቱ ደግሞ ከእርሱ ጋር አንድ ሙሉ ልምምድ እንፈልጋለን።

ባለሲስተሙ፦

እንግዲያው የሳውንድ ቼኩ ሰዓት ይለወጣል። የመዝሙሩ ዝግጅት በ8 ሰዓት የሚጀምር ከሆነ የማታው ባንድ ከረፋዱ 3 ሰዓት ይግባ፤ የእያንዳንዱን መስመር መጠን ሚክሰሩ ላይ መዝግቤ ስለማስቀምጠው ማታ እንደገና ከዜሮ አንጀምርም። ባለክራሩ ወንድማችን ክራሩ ፒክአፕ (ድምፁን ከክራሩ በቀጥታ ወደ ሲስተሙ የሚያስገባ መሣሪያ) ያለው ይሁን በማይክ የሚያዝ ያሳውቀኝ፤ በማይክ ከሆነ ከሞኒተሩ ጋር እንዳያፏጭ የሚቆምበትን ቦታ ከወዲሁ ልወስን።

ባለክራሩ፦

ፒክአፕ አለው። ሁለት ክራር ይዤ እመጣለሁ፤ አንዱ በትዝታ ሌላው በባቲ ተቃኝቶ ስለሚቀመጥ በዘፈን መካከል የመቃኘት ጣጣ አይኖርም። ሁለት መስመር ያዝልኝ፤ የማልጫወትበትን ግን ዝጋው። ከበሮ መቺው በማይክ ነው፤ ማሲንቆም ስላለ ለእርሱ አንድ ቁም ማይክ ያስፈልጋል። የሙሉውን ቡድን ዝርዝር ጽፌ ረቡዕ ወደ መጋዘኑ አመጣልሃለሁ።